ቅናሽ በቅናሽ ላይ

ሽሮ ሜዳ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአይዳ፣ ሊድስ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ዳገቱን ስወጣ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። አምላክ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ። አሜን በይ።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ስልክ ሳወራ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ በወረቀት እጽፍና ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር አውራ ጣቴ ነው፤ እንዳትደነግጪ።

ጉዳዬ ኡርጌሳ ነው። ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ የሐበሻ ልብስ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ታውቂዋለሽ። ይኸው ሰው ለገና የጥልፍ ማሽን አስመጣ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት፤ አንድ ቁልፍ ሲጫንላት ብቻዋን መስቀል ትጠልፋለች፣ የሙሽራ ስም ትጽፋለች። እኔ ለአንድ ቀሚስ ጠላፊ ፍለጋ ሦስት ቀን ስመላለስ እሱ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ያስረክባል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሙሽሮች እኔ ጋ ጨርቁን ዳብሰው፣ ዋጋውን ጠይቀው፣ ሄደው ከእሱ ገዙ። አንደኛዋ ስትወጣ እጇን አውለበለበችልኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው። ማሽን ካላገኘሁ የዘንድሮን ሙሽራ ሁሉ ኡርጌሳ ይጠቀልለዋል፤ እኔም ነጠላ ብቻ ሻጭ ሆኜ እቀራለሁ። እዚያ በኦንላይን ይረክሳል ሲሉ ሰማሁ። እስቲ ፈልጊልኝ። ግማሹን ሠርጉ ሲያልፍ በልብስ እከፍልሻለሁ። እኔ በሕይወቴ አንድም ዕቃ በመጀመሪያ በተጠራው ዋጋ ገዝቼ አላውቅም፤ አንቺም እንዳትጀምሪ።

የገናውን አልላክሽም። ረስተሽ ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም። አሁንም አልጠየቅሁም።

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ ለእትዬ ሸዋገነት፤

ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ይጀምር፤ እግዚአብሔር ዳገቱን ዝቅ ያድርግልዎ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። የብስኩት ፋብሪካውም እንዳለ ነው፤ ምንም አያስቡ። የገናው ነገር የባንኩ ሲስተም ስለተበላሸ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለፈና አፍሬ ዝም አልኩ።

ማሽኑን አገኘሁት! የኡርጌሳ ማሽን የዚህ ታናሽ ወንድም ቢሆን ነው። መቶ ሠላሳ ዓይነት ጥልፍ ይጠልፋል። ዋጋው ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ፓውንድ ነው። አይደንግጡ፤ እዚህ አገር ይህን ዋጋ የሚከፍል ሰነፍ ብቻ ነው። እኔ ቅናሽ በቅናሽ ላይ እደርባለሁ።

አሠራሩን ላስረዳዎት። አዲስ ደንበኛ አሥር ከመቶ ይቀነስለታል። በልደቱ ቀን አሥራ አምስት ከመቶ። በገዛ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለትና ነጥቡ ገንዘብ ይሆናል። በሌላ ድረ ገጽ በኩል ዞሮ ከገባ ደግሞ ከከፈለው ላይ ጥቂቱ ከሦስት ወር በኋላ ይመለስለታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ይሄኛው ነው፦ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ከተው ሳይከፍሉ ውልቅ ብለው ቢወጡ፣ በሁለተኛው ቀን «የረሱት ዕቃ አለ፤ ይመለሱ፤ እንቀንስልዎታለን» ብለው ይጽፉልዎታል።

እኔ የቆየሁ ደንበኛ ስለሆንኩ አዲሷ ደንበኛ እርስዎ ይሁኑ። ኢሜይል ያስከፍቱና ከልደት ቀንዎ ጋር ይላኩልኝ። ሁለት መቶ አርባ ሳናደርሰው አንገዛም።

የምትወድዎት ልጅዎ አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

አይዱ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሠራበት የኖርኩትን እንግሊዞች አሁን ደረሱበት? ደንበኛ ዞሮ ሲሄድ መጥራት ማን ያስተማራቸው ይመስልሻል? ግን ገና ይቀራቸዋል። ልኩ ሰባት እርምጃ ነው። በስድስተኛው ብጠራት ረክሼ እታያለሁ፤ በስምንተኛው ብጠራት ኡርጌሳ ጋ ገብታለች። ሁለት ቀን ሙሉ መጠበቃቸው ገበያ አለማወቃቸውን ያሳያል። ዞረሽ ሂጂባቸው። ደጋግመሽ ሂጂባቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ገንዘብ ይመልሳሉ ያልሽውን ግን አላምንም። እኔ የከፈለችኝን ሴትዮ ሦስት ወር ቆይቼ ፈልጌ ገንዘቧን ብመልስላት ጎረቤቶቼ ይዘውኝ ጠበል ይወጣሉ።

ኢሜይሉን የሰፈራችን ስልክ ጠጋኟ ከፈተችልኝ፤ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። የተወለድኩት በ1956 ጳጉሜ 3 ቀን፣ በሩፋኤል ነው። ያን ቀን የጣለው ዝናብ ጣሪያ እንዳፈሰሰ እናቴ እስክትሞት ታወራ ነበር። ይህንንም ጻፊላቸው፤ ከጠቀመ ይቀንሱ ይሆናል።

ፆሙ ሳይገባ ብይ፣ ጠጪ። የፋብሪካው አለቃሽ ያ ቀዩ ነው አሁንም? ሰላም በይልኝ።

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፤

ፆሙን አስጀምሮ ያስፈጽምዎ። በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነው። አለቃዬ ሰላም ብሎዎታል።

ሰዎቹ ጳጉሜ የላቸውም፤ ወራታቸው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። የእርስዎ ልደት በእነሱ ሴፕቴምበር ላይ ይውላል፤ እሱን ብጽፍ የልደት ቅናሹን የምናገኘው ሠርጉ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝና መጋቢት 3 ቀን ወልጄዎታለሁ።

ሦስት ጊዜ ዞሬ ሄድኩባቸው። በመጀመሪያው አምስት ከመቶ ቀነሱ። በሁለተኛው አሥር። በሦስተኛው ዝም አሉኝ። አብዝቼባቸው ነው መሰል። ነጥብ ላይ ግን ጎበዝ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቤት እንስሳት ክፍል አንድ ዕቃ የገዛ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል አሉና የውሻ ሳህን ገዛሁ። አራት ፓውንድ ከፍዬ የስድስት ፓውንድ ነጥብ አገኘሁ! ማድረሻ እንዳልከፍል ደግሞ መጋዘናቸው ድረስ በእግሬ ሄጄ አመጣሁት። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ መመለሻውም እንደዚያው፤ አየሩ ግን ጥሩ ነበር። ሳህኑ ከስቴንለስ የተሠራ፣ ከሥሩ ላስቲክ ያለው፣ ሲገፉት የማይንሸራተት ነው። ሌላ ቦታ ሰባት ፓውንድ ይሸጣል፤ ሄጄ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ማሽኑ እስከ ፋሲካ ባይደርስ ከባድ ችግር ይሆናል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአይዳ ልጄ፤ ሰላምሽ ይብዛ፤

ትናንት በስድሳ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳን ተወለድሽ ተባልኩ። ስልክ ጠጋኟ አነበበችልኝ። ፊኛ አለው፣ ኬክ አለው፣ ስሜ ከላይ ተጽፏል። ቀኑ ውሸት መሆኑን ባውቅም ዕንባዬ መጣ። ዝም ብል ነውር ነው ብዬ ያንኑ ጊዜ መልስ ጻፍኩላቸው፤ ደህና አድርጌ፣ ሁለት ገጽ፣ በአማርኛ። ንግዳቸውን መረቅሁ፣ ልጆቻቸውን መረቅሁ፣ ከዚያ ማሽኑ ውድ መሆኑን ነገርኳቸው። ባልቴት ላይ እንዲህ መጨከን ለእነሱም እንደማይበጅ ጨመርኩበት። መጨረሻ ላይ ግማሹን ዋጋ ቁረጡና እንጨርስ አልኩ።

የነጥቡን ነገር እኔም ሱቄ ውስጥ ሞክሬው ነበር። ካርቶን ቆርጬ ካርድ ሠራሁ፤ አሥር ጊዜ የገዛ አሥራ አንደኛውን ነጠላ በነፃ ይወስዳል። ማኅተም ያስፈልገዋል ስባል የእድራችን ማኅተም እኔ ጋ ስለሚቀመጥ እሱን መታሁበት። በሳምንቱ የእድሩ ሊቀ መንበር አስጠርተው ገሠጹኝ። ሰዉ ካርዱን ባየ ቁጥር «ማን ሞተ?» እያለ ይደነግጣል አሉ። አንዷማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መጥታለች። ካርዱን ሰበሰብኩ።

ለመሆኑ ውሻ አለሽ እንዴ?

ድሮ እሑድ እሑድ ነበር የምትጽፊልኝ፤ ከፋብሪካ ዕረፍት ያለሽ ያን ቀን ብቻ ነው ትዪኝ ነበር። የአሁኖቹ አንዱ ሰኞ ረፋድ ገባ፣ አንዱ ማክሰኞ ረፋድ። ሰዓትሽን ቀየሩብሽ?

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ መጋቢት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋዬ፤

ከሕማማቱ በሰላም አውጥቶ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስልኝ። ሰዓቴን አዎ፣ ትንሽ ቀያይረውታል። ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ለሰዎቹ ምን ብለው ነው የጻፉላቸው? ደብዳቤዎን ማንም አላነበበላቸውም መሰለኝ፤ ርዝመቱን አይተው ከባድ ቅሬታ ነው ብለው ደንግጠዋል። በእርስዎ ስም የከፈትኩትን ገጽ ዛሬ ሳየው ምን ተጽፎ ላገኝ? «ስለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የአርባ ከመቶ ቅናሽ ኮድ በኢሜይልዎ ልከናል።» አርባ ከመቶ! አራት ዓመት እዚህ ስኖር አርባ ከመቶ ያገኘ ሰው አላየሁም። ነጥባችን ሲጨመርበት ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኙ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሆነ!

ኮዱ የተላከው ለእርስዎ ኢሜይል ብቻ ነው፤ እኔ ጋ አይታይም። አሥር ፊደልና ቁጥር ነው። የሚያበቃው በእነሱ ሜይ 31 ቀን 2026 ነው። እባክዎ ቶሎ ይላኩልኝ። በግንቦት የሚመጣ ሰው ስላለ ለኋለኞቹ ሠርጎች ይደርሳል። ገንዘቡን እንደምንም አዘጋጃለሁ።

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰምሀል ሐሙስ ትበራለች፤ ሁለት ወር እናቷ ጋ ትቆያለች። በእሷ እጅ አሥራ አምስት ፓውንድ ልኬያለሁ። ለበግ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለእንቁላል ይሁን። የውሻውንም ሳህን ልኬልዎታለሁ።

ልጅዎ አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ ልጅ አይዳ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ቢዘገይም ከልቤ ነው። ፋሲካው መልካም ነበር። ሰምሀል መጥታ ጠይቃኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ክትፎ ትወዳለች። ሳህኑ ደርሶኛል፤ አዝራር አስቀምጬበታለሁ፤ እውነትም አይንሸራተትም። በአሥራ አምስት ፓውንዱ እንቁላል ገዛሁ። ከእንግዲህ ግን ለበዓል ብለሽ አትላኪ። ሐኪም እንቁላልም ሥጋም ከልክሎኛል፤ ቢላክም ለሌላ ሰው ማብሊያ ነው።

እንጦጦ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። የአዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ እንደ ድሮው ነው። ኡርጌሳ ሁለተኛ ሠራተኛ ቀጠረ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ኮዱ ደርሷል። በደህና ቦታ ተቀምጧል። አትቸኩዪ።

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ጤና ይስጥልኝ፤

እባክዎ በደህና ቦታ አያስቀምጡት፤ ይላኩልኝ! ኢሜይሉን ከፍተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ አውራ ጣትዎ ቢገባም ግድ የለም። ቀኑ እየደረሰ ነው። ስደውልም አያነሱም፤ ሰላም ነው?

ልጅዎ አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአይዳ፤

ደህና ነኝ፤ ስልኬ ድምፁን እያጠፋ አስቸግሮኝ ነው። ምን እንዲህ ያስጨንቅሻል? ኮዱ እስከ 2026 ይሠራል ይላል። ዛሬ 2018 ነው። ስምንት ዓመት አለን! እስከዚያ ማሽኑም ይረክሳል፣ ነጥቡም ይጠራቀማል፣ ምናልባት ኡርጌሳም ይሞታል።

ካልሽ ግን ይኸው፣ ከዚህ በታች በደንብ ገልብጬዋለሁ። ረጋ ብለሽ ተጠቀሚበት።

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት

እትዬ ሸዋ፤

ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። እትዬ፣ 2026 እኮ የፈረንጆቹ ነው። የእነሱ 2026 የእኛ 2018 ነው። ኮዱ ያለፈው እሑድ፣ ግንቦት 23 ቀን ሞቷል። ለማንኛውም ብዬ ሞከርኩት፤ «ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። ለሰዎቹም ጻፍኩ፤ አዝነናል አሉ፣ ኮዱን ግን አላደሱልኝም።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብጽፍልዎ ይህ አይመጣም ነበር። በዚያ ላይ በጥር ልገዛው ስችል ቅናሽ ስለቃቅም አምስት ወር አስጠበቅኩዎ፤ ሠርጉም አለፈዎት። በዚህ ኅሊናዬ እንቅልፍ አልሰጠኝም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ነገ ቅዳሜ በሙሉ ዋጋው እገዛዋለሁ፤ ያለ ኩፖን፣ ያለ ነጥብ። በአራት ጊዜ ክፍያ የሚሰጥ አንድ ድርጅት አለ፤ ወለድ አለው ግን እችለዋለሁ። ለቀጣዩ ዓመት ሠርግ ይደርስልዎታል።

ልጅዎ አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ

አይዳ!

ሰላምታው ይቆየን። ማሽኑን እንዳትገዢ። ይህን ሳታነቢ ገዝተሽው ከሆነም መልሺው፤ እዚያ የተሸጠ ዕቃ መልሰው ይቀበላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

2026 ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከውጭ አገር ለሚመጡ ሙሽሮች ልብስ መሸጥ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። ሠርጋቸውን የሚነግሩኝ በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኔ ግድግዳዬ ላይ ሁለቱንም ቀን አስተካክዬ እጽፋለሁ፤ አንድም ሙሽራ ቀሚሷ ዘግይቶባት አያውቅም። ሜይ 31 ግንቦት 23 መሆኑን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት አስልቼዋለሁ።

እኔ ደጃፍ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ቆሟል። ገንዘብ ያላት ስትከራከረኝ ትስቃለች፣ ትሰድበኛለች፣ ዞራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የሌላት አትከራከርም። ቀሚሱን አጣጥፋ እንደነበረ ትመልስና «ሳምንትም ይኖራል?» ትላለች። አንቺ በየካቲት «እስከ ፋሲካ ባይደርስ ችግር ይሆናል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ድሮ መቶ ፓውንድ ስትልኪ የምትጽፊልኝ አንድ መስመር ነበር። በዚያ ደብዳቤ ግን ስለ አራት ፓውንድ ሳህን ግማሽ ገጽ ጻፍሽ፤ ሦስት ሰዓት በእግርሽ ተጓዝሽ። ያን ጊዜ እጅሽ ባዶ መሆኑን አወቅሁ። ሰምሀልን አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ትዋሽልሽ ነበር።

ኮዱን ብልክልሽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ከየት ታመጪ ነበር? ትበደሪ ነበር። የለኝም ማለት እንደሚያቅትሽ አውቃለሁ፤ እናትሽም እንደዚሁ ነበረች። አንቺ የለኝም ከምትዪ እኔ አላውቅም ብል ይቀላል ብዬ ደነቆርኩልሽ። አንቺ ደግሞ ብድሩን ከነወለዱ ፈልገሽ አገኘሽው!

አርባ ከመቶ፣ አይዳ። በገዛ አፌ፣ በገዛ ቋንቋዬ ተከራክሬ ከእንግሊዝ አገር አርባ ከመቶ አስቀነስኩ። ይህን ያደረገ ነጋዴ በሽሮ ሜዳ የለም። ኢሜይሉን በየቀኑ እየከፈትኩ አየው ነበር። ግንቦት 23 ቀን እስኪመሽ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ለማንም ሰው ደግሞ እንዲህ አላደርግም፤ ይግባሽ።

ለእኔ አትዘኚ፤ ሠርጉ አላለፈኝም። በሚያዝያ ኡርጌሳ ጋ ገባሁ። እኔ፣ ሸዋገነት፣ ሱቁ ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሻዩን ጠጣሁ። ቀሚሱ ከእኔ፣ ጥልፉ ከእሱ፣ የጥልፉ ትርፍ እኩል ብለን ተስማማን። ከአሥራ አንድ ሙሽራ በላይ አልብሰናል። ሰውዬው ሲታይ እንዳሰብኩት ክፉ አይደለም፤ ሻዩ ላይ ስኳር ያበዛል እንጂ።

አሁን ቁጭ ብለሽ እውነቱን ጻፊልኝ። ሳታሳምሪ።

አክስትሽ ሸዋገነት


ሊድስ፣ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፤

አልገዛሁትም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካርዴን አውጥቼ ቁጥሩን እየጻፍኩ ሳለ ነው።

ፋብሪካው የእኛን ፈረቃ የዘጋው በኅዳር ነው። ሰማንያ ሰው ወጣን። ቀዩ አለቃም አብሮን ወጣ፤ ሰላም ብሎዎታል ያልኩት ውሸት ነው። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ አጸዳለሁ። የቤት ኪራዩን አብዛኛውን የምትከፍለው ሰምሀል ናት። ባንኩም ሲስተሙም ደህና ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ያ የኩፖን ነገር ነው ያቆየኝ። ጠዋት ተነስቼ እስከ ማታ ቅናሽ ስፈልግ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አምስት ፓውንድ ባስቀነስኩ ቁጥር ለእርስዎ አምስት ፓውንድ የላክሁ ያህል ደስ ይለኛል። በልቤ ግን አውቀው ነበር፦ ዋጋው ዜሮ ካልገባ ማሽኑን ልገዛው አልችልም ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሲደርስማ ፈራሁ፤ ከዚያ በታች የሚወርድበት ሰበብ አልቆብኝ ነበር። ኮዱን ሲያቆዩብኝ እየለመንኩዎ፣ ውስጤ ደግሞ እሰይ፣ ይቆይ ይል ነበር።

በጣም አፍሬያለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ሆነው፣ አንድ ማሽን ሲጠይቁኝ የለኝም ማለት አቅቶኝ አምስት ወር አታለልኩዎ። ይቅር ይበሉኝ። አርባ ከመቶዎንም ይቅር ይበሉኝ።

አይዳ


ሽሮ ሜዳ፣ ሰኔ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአይዳዬ፣ ለልጄ፤

በዋልሽበት ሰላም ያውልሽ፣ ባደርሽበት ጤና ያሳድርሽ።

ይቅር ብያለሁ፤ ሥራ ማጣትሽን ሳይሆን ብቻሽን መያዝሽን። አርባ ከመቶውን ይቅር ለማለት ግን ጥቂት ጊዜ ስጪኝ።

ሰምሀል ዓርብ ትመለሳለች። በእሷ ሻንጣ አራት የጥልፍ ቀሚስና አሥራ ሁለት ነጠላ ልኬያለሁ። ሁለቱን ቀሚስ ኡርጌሳ ነው የጠለፈው፤ ለአይዳ ነው ስለው የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የምታገኚያቸው ሴቶች አሉ፤ ሠርግ አላቸው፣ ክርስትና አላቸው። ዋጋውን በእያንዳንዱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። ኩፖን፣ ነጥብ፣ ተመላሽ የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ሽያጩ የአንቺ ነው፤ ሒሳብ እንዳትልኪልኝ። ከሥር በላስቲክ የታሰረው ሽሮ፣ በሶና ቋንጣ ነው። እሱ አይሸጥም።

ሥራ እስክታገኚ ከእኔ ምንም የምትደብቂው የለም፤ ስታገኚም እንደዚያው። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ ዋጋ አትጻፊልኝ። የበላሽውን ጻፊ፤ ቁርስሽን፣ ምሳሽን፣ እራትሽን። ያልበላሽበትንም ቀን ጻፊልኝ።

አክስትሽ ሸዋገነት